አልነፋም ብዬ ነበር፣ አሁን ምን ይመጣብኛል?

ባለፈው ጠጥቶ ስለ መንዳት ክስ ከጻፍኩ ወዲህ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ መጠጡ ሳይሆን ስለ መንፋቱ፣ ማለትም መጠጥን በትንፋሽ በሚለካው ማሽን ውስጥ ስለ መንፋት ናቸው። ትራፊክ አስቁሞ ንፋ ሲል እምቢ ያለ ሰው ምን ይሆናል፣ መብቱ ነው ወይስ ወንጀል ነው፣ ሳይጠጣ እምቢ ያለስ ምናምን። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለዚህ ሰጥቼዋለሁ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ ብዙ ዓመት የትራፊክ ችሎት ላይ በአስተርጓሚነት ቆሜያለሁ፣ የምጽፈውም ሕጉን አንብቤ፣ እዛ ያየሁትን ጨምሬ ነው። ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ ጠያቂው ያለበትን አገር እያየሁ እመልሳለሁ፣ የሌላ አገሩን መልስ ለራሳችሁ እንዳትወስዱት አደራ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? ያለሁት አሜሪካ ነው። ከጓደኞቼ ጋ አምሽቼ ስመለስ ፖሊስ አስቆመኝ፣ ጠጥተሃል ወይ አለኝ፣ ሁለት ቢራ አልኩት። ንፋ ሲለኝ አልነፋም አልኩ፣ ምክንያቱም አንድ ጓደኛዬ ሁሌ «ምንም ቢመጣ እንዳትነፋ፣ ካልነፋህ ማስረጃ የላቸውም» ይለኝ ነበር። ጣቢያ ወስደው እዛ ባለው ትልቁ ማሽን ንፋ ሲሉኝም እምቢ አልኩ። ሰክሬ አልነበረም። አሁን መንጃ ፈቃዴን ወስደው አንድ ወረቀት ሰጥተውኛል፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮዬ ገና ነው። ጓደኛዬ ልክ ነው ወይስ ገደል ነው የከተተኝ?

መልስ፦ ወንድሜ ከሁሉም በፊት ያቺን ወረቀት አውጣና ቀኗን እያት፣ ከዛ ተመልሰህ ይሄን አንብብ። አሜሪካ ውስጥ አንድ ማታ ላይ ሁለት ጉዳይ ነው የሚከፈትብህ፣ አንዱ የፍርድ ቤቱ ነው፣ ሌላው መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት በራሱ የሚወስደው እርምጃ ነው፣ ሁለቱ አይጠባበቁም። ሰው ሁሉ የፍርድ ቤቱን ቀጠሮ ይጠብቃል፣ መንጃ ፈቃዱ ግን ከዛ በፊት ይሄዳል። ካሊፎርኒያ ከሆንክ ለመሥሪያ ቤቱ አቤት ብለህ ሄሪንግ (ክርክርህ የሚሰማበት ቀጠሮ) ለመጠየቅ ያለህ ጊዜ 10 ቀን ነው፣ ቴክሳስ ከሆንክ 15 ቀን ነው፣ ሌላ ስቴት ከሆንክ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ያዝ። አንድ ሰው ወረቀቷን አራት እጥፍ አድርጎ ዋሌቱ ውስጥ ከትቶ በ23ኛው ቀን ይዟት መጥቶ አይቻለሁ፣ እጥፋቱ ላይ ጽሑፉ ተፍቋል፣ «ፍርድ ቤት ስገባ አሳያለሁ ብዬ ነው» አለኝ። ቀኑ አልፏል። ያን ዕለት የተሰማኝን አልረሳውም፣ ምክንያቱም ሰውየው ክርክር ነበረው፣ የሚከራከርበት መድረክ ግን አመለጠው።

አሁን ወደ ጓደኛህ ምክር። ክፋት የለውም፣ ግማሽ እውነትም አለበት፣ ችግሩ ግማሹ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ መንገድ ላይ መንጃ ፈቃድ ይዘህ ስትወጣ፣ ፖሊስ ሰክረህ ስትነዳ ይዤሃለሁ ብሎ ካሰረህ ለምርመራ እሺ እንዳልክ ይቆጠራል የሚል ሕግ በሁሉም ስቴት አለ። መጀመሪያ ያወጣችው ኒውዮርክ ናት፣ በ1953 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ያኔ አልነፋም ማለት ትችላለህ፣ አፍህን ከፍቶ የሚያስነፋህ የለም፣ ግን እምቢታው ራሱ ዋጋ አለው። እና ዋጋው ብዙ ጊዜ ነፍቶ ከወደቀ ሰው ይበልጣል። ካሊፎርኒያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ነፍቶ 0.08ና ከዛ በላይ (በደም ውስጥ ያለው አልኮል በመቶኛ) የወጣበት ሰው መሥሪያ ቤቱ መንጃ ፈቃዱን 4 ወር ያግድበታል፣ አልነፋም ያለ ደግሞ 1 ዓመት። ቴክሳስ ላይ የነፋው 90 ቀን፣ እምቢ ያለው 180 ቀን። እንግዲህ አስበው፣ በሁለት ቢራ ቁጥሩ ከ0.08 በታች ሊሆን ይችል የነበረ ሰው ከሰከረው በላይ ሲቀጣ።

ማስረጃ የላቸውም የሚለውም ልክ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1983 በሳውዝ ዳኮታ ጉዳይ ላይ እምቢ ማለትህን ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃ አድርጎ ሊያቀርበው ይችላል ብሏል፣ ስለዚህ ዳኛና ጁሪ ፊት «ንጹሕ ከሆነ ለምን አልነፋም?» ይባላል። በ2016 ደግሞ በኖርዝ ዳኮታ ጉዳይ ላይ አንድ ትልቅ ልዩነት አስቀመጠ፣ ከታሰርክ በኋላ ትንፋሽ እምቢ ማለትን ስቴቱ ወንጀል ሊያደርገው ይችላል፣ ደም አልሰጥም ማለትን ግን ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ወንጀል ማድረግ አይችልም። ታዲያ ፖሊሱ ምን ያደርጋል? ለተረኛ ዳኛ ስልክ ይደውላል፣ ዳኛው ሌሊቱን ማዘዣ ይፈርማል፣ ከዛ መርፌ ነው። በዛ ላይ የፖሊሱ ካሜራ አለ፣ መስመር ላይ ስትራመድ፣ ስትናገር፣ መጠጥ ሸተተኝ የሚል የፖሊሱ ቃል፣ ይሄ ሁሉ ትንፋሽ የለበትም ግን ያስፈርዳል። አንዳንዱ ደግሞ ጊዜ ልግዛ ብሎ ነው እምቢ የሚለው። አልኮል ከደም ውስጥ የሚወጣው በሰዓት በአማካይ 0.015 ያህል ነው፣ ስለዚህ ማዘዣው ሁለት ሰዓት ቢዘገይ የሚቀንሰው 0.03 አካባቢ ነው፣ ይሄንንም ባለሙያ ቀርቦ ወደ ኋላ ሊያሰላው ይችላል።

ግማሹ እውነት የቱ ነው ካልከኝ፣ ሁለት ዓይነት መሣሪያ አለ። አንዱ መንገድ ዳር የሚሰጡህ በእጅ የሚያዘው ትንሹ ነው፣ ሌላው ከታሰርክ በኋላ ጣቢያ ያለው ነው። በብዙ ስቴት ዓመት ሙሉ መንጃ ፈቃድ የሚያሳጣው የሁለተኛው እምቢታ ነው። ካሊፎርኒያ ላይ ለምሳሌ ዕድሜህ 21ና ከዛ በላይ ከሆነና በዚህ ጉዳይ ፕሮቤሽን (ፍርድ ቤት የሚሰጠው የክትትል ጊዜ) ላይ ካልሆንክ የመንገድ ዳሩን አልነፋም ማለት ትችላለህ፣ ፖሊሱም ይሄን ሊነግርህ ይገባል። ጓደኛህ የሰማው ይሄንን ይሆናል፣ ከዛ ወሬው ከሰው ሰው ሲሄድ ትንሹና ትልቁ ማሽን ተቀላቀሉ። አንተ ደግሞ ሁለቱንም እምቢ አልክ። ስለዚህ ዛሬውኑ ጠበቃ ያዝ፣ ሄሪንጉን ይጠይቅልህ፣ እዛ የሚነሱት ጥያቄዎች ጠባብ ናቸው፣ ያስቆመህ በቂ ምክንያት ነበረው ወይ፣ በሕግ ታስረህ ነበር ወይ፣ እምቢ ካልክ ምን እንደሚመጣ በትክክል ተነግሮህ ነበር ወይ፣ እውነት እምቢ ብለሃል ወይ። አልሰከርኩም ነበር የሚለው እዛ ቦታ የለውም፣ ቅር ቢልህም እወቀው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እንግሊዝ ነው የምኖረው። አስም አለብኝ። ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ በማሽኑ ለመንፋት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ማሽኑ አልቀበልም አለ፣ ፖሊሷ ሆን ብለሽ ነው አለችኝና ናሙና ባለመስጠት ተከሰስኩ። እኔ እኮ እምቢ አላልኩም! ስነፋ ነበር። እንዴት እምቢ እንዳልኩ ተቆጠረብኝ?

መልስ፦ እህቴ የጠየቅሽው ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ነው። የእንግሊዝ የ1988 የመንገድ ትራፊክ ሕግ ላይ ወንጀሉ «አለመስጠት» ነው የሚለው፣ እምቢ ማለት በሱ ውስጥ ይካተታል እንጂ ብቻውን አይደለም። ስለዚህ አፉን ዘግቶ አልነፋም ያለና እንዳንቺ ነፍቶ ያልሞላለት በአንድ አንቀጽ ነው የሚከሰሱት። ልዩነቱ የሚመጣው «በቂ ምክንያት» የሚለው ቃል ላይ ነው፣ በቂ ምክንያት ካለሽ ወንጀሉ የለም።

መጀመሪያ ማሽኑ ምን እንደሚፈልግ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ይሄን ሳያውቁ ነው ሰዎች የሚጨነቁት። አልኮሉ ከደም ወደ ትንፋሽ የሚያልፈው ሳንባ ጥልቅ ውስጥ ነው፣ አፍና ጉሮሮ ላይ ያለው አየር ምንም አይነግረውም፣ ስለዚህ ማሽኑ የመጀመሪያውን አየር አሳልፎ የመጨረሻውን ነው የሚለካው። ለዛ ነው ከ1 ሊትር በላይ ሳይቋረጥ እንዲነፋ የሚጠብቀው። ሰው ሲደነግጥ ሻማ እንደሚያጠፋ በኃይል አንዴ ፍፍ ያደርግና ያቆማል። ማሽኑ ትንሽ ይጮህና ዝም ይላል፣ ፖሊሱ «ቀጥል ቀጥል» ይላል፣ ሰውየው ደግሞ አየር ጨርሷል። ማሽኑ የሚወደው ቀስ ያለ ረጅም ትንፋሽ ነው፣ ድምፁ ሳይቆራረጥ እስኪያልቅ። አስም ያለበት ሰው ደግሞ ችግሩ እዚሁ ላይ ነው፣ አየሩን ማስገባት ሳይሆን ረዘም አድርጎ ማስወጣት ነው የሚያቅተው፣ በዛ ላይ ድንጋጤው ደረቱን ያጠብቀዋል።

የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ከ1973 ጀምሮ የያዙት አቋም በቂ ምክንያት የሚባለው በአካል ወይም በአእምሮ አለመቻል ወይም ጤና ላይ ከባድ አደጋ ሲኖር ነው። ያንቺ እዚህ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ጉዳዩን በማስረጃ ካነሳሽው ምክንያቱ እንደሌለ ማስረዳት ያለበት ከሳሹ ነው። ስለዚህ የሐኪም ደብዳቤ፣ የኢንሄለር ማዘዣ ታሪክሽ፣ የሳንባ ምርመራ ውጤት ካለሽ ሁሉንም ሰብስቢ፣ ከዛ ለጠበቃሽ የጣቢያውን ቪዲዮና ማሽኑ ያተመውን ወረቀት እንዲያስመጣ ንገሪው። አንድ ከባድ ጥያቄ ይመጣብሻል፣ «አስም እንዳለብሽ ያኔ ተናግረሻል ወይ?» የሚል። ተናግረሽ ከነበረ በጣም ጥሩ፣ ፖሊሷ ደም ወይም ሽንት መጠየቅ ትችል ነበር፣ ያንን ሳታደርግ መክሰሷ ላንቺ ይረዳሻል። ካልተናገርሽ በሩ አልተዘጋም ግን ጠቧል። ከአሁን በኋላ ይሄን የምታነቡ የአስም፣ የሳንባ፣ የድንጋጤ ሕመም ያለባችሁ ሁሉ እባካችሁ ገና ቱቦው ሳይሰጣችሁ ተናገሩ፣ ኢንሄለሩንም አውጥታችሁ አሳዩ።

ክሱን ቀላል አድርገሽ እንዳታዪው ደግሞ። የጣቢያውን ናሙና ባለመስጠት የተፈረደበት ሰው ቢያንስ 12 ወር ከመንዳት ይታገዳል፣ እስከ 6 ወር እስራትና ገደብ የሌለው የገንዘብ ቅጣት አለው፣ ከዛም እገዳው ሲያልቅ ከፍተኛ ስጋት ያለበት ጥፋተኛ ከሚባሉት ጋ ስለሚመደብ መንጃ ፈቃዱን ለማስመለስ የሕክምና ምርመራ ማለፍ አለበት። የመንገድ ዳሩን በእጅ የሚያዘውን ብቻ ያልነፋ ግን ይቀለዋል፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ የሚመዘገብ 4 የቅጣት ነጥብና የገንዘብ ቅጣት ነው፣ እገዳው በዳኛው ፈቃድ ነው። ክስሽ የትኛው እንደሆነ ወረቀቱ ላይ የአንቀጹን ቁጥር እዪ፣ 6 ከሆነ የመንገዱ ነው፣ 7 ከሆነ የጣቢያው ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ካናዳ ኦንታሪዮ ነኝ፣ ፐርማነንት ሬዚደንት ነኝ። ከሥራ ስመለስ ጠዋት ላይ አስቆሙኝ፣ መጠጥ የሚባል ነገር አልቀመስኩም፣ ፖሊሱም ሸቶኛል አላለም። ዝም ብሎ ንፋ አለኝ። ያለ ምክንያት ለምን እነፋለሁ ብዬ እምቢ አልኩት፣ መኪናዬን ወሰዱት፣ ክስ ከፈቱብኝ። ይሄ ሕጋዊ ነው? ሳልጠጣ?

መልስ፦ ወንድሜ ንዴትህ ይገባኛል፣ በ2018 መጀመሪያ ላይ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ክርክር ነበር። በፈረንጆቹ ከዲሴምበር 18፣ 2018 ጀምሮ ግን ካናዳ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ያስቆመህ ፖሊስ መመርመሪያው እጁ ላይ ካለ ያለ ምንም ጥርጣሬ ንፋ ሊልህ ይችላል። ሸተተኝ ማለት አይጠበቅበትም። ጠጥተህ አለመጠጣትህም እምቢታው ላይ ለውጥ የለውም፣ ወንጀሉ እምቢ ማለቱ ነው።

ቅጣቱን ተመልከት። ጠጥቶ ሲነዳ የተያዘ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ትንሹ ቅጣቱ 1,000 የካናዳ ዶላር ነው፣ በደሙ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም አልኮል ሲደርስ 1,500፣ 160ና ከዛ በላይ ሲሆን 2,000። እምቢ ያለ ሰው ትንሹ ቅጣቱ ስንት ነው? 2,000። ሕጉ እምቢ ያለውን በጣም ከሰከረው እኩል ነው የሚያየው፣ ምክንያቱም አለበለዚያ የሰከረ ሁሉ እምቢ ይል ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ከሆነ ቢያንስ 30 ቀን እስራት፣ ሦስተኛ 120 ቀን። ኦንታሪዮ ደግሞ ፍርዱን ሳትጠብቅ መንጃ ፈቃድህን 90 ቀን ታግዳለች፣ መኪናው ለ7 ቀን ይወሰዳል፣ ያንተም ያው ነው የሆነው።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የመኖሪያ ፈቃድህ ነው። በዛው በ2018 የወንጀሉ ከፍተኛ ቅጣት ወደ 10 ዓመት ስላደገ የኢሚግሬሽን ሕጉ ከባድ ወንጀል ከሚላቸው ውስጥ ገባ። ዳኛው ገንዘብ ብቻ ቢቀጣህም የሚታየው ከፍተኛው ጣሪያ ነው። ይሄ ማለት የግድ ትባረራለህ ማለት አይደለም፣ ግን ሂደቱ ሊጀመርብህ ይችላል። ስለዚህ እባክህ «2,000 ልክፈልና ይለቅ» ብለህ ጥፋተኛ ነኝ እንዳትል! የወንጀል ጠበቃህ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክር አንዲት ቃል እንዳይሰጥ። ብዙ ሰው ፍርድ ቤቱ ቶሎ እንዲያልቅለት ብሎ ጥፋቱን ያምንና ዜግነት ሲያመለክት ነው የሚነቃው።

ክርክር የለህም ማለት ግን አይደለም። ፖሊሱ ሲጠይቅህ መመርመሪያው እዛው ነበረው ወይስ ሌላ መኪና እስኪያመጣለት ትጠብቅ ነበር? የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 ከኩቤክ በመጣ ጉዳይ ላይ መሣሪያው ሳይኖር የተሰጠ ትእዛዝ ዋጋ የለውም፣ እሱን እምቢ ማለትም ወንጀል አይሆንም ብሏል። እያንዳንዷን ደቂቃ አሁኑኑ ሳትረሳ ጻፋት።

ጥያቄ፦ ጋሼ አባቴ 64 ዓመታቸው ነው፣ እንግሊዝኛ ብዙም አይሰሙም። ፖሊስ ይዟቸው ጣቢያ የሆነ ነገር አነበበላቸው፣ እሳቸው ዝም አሉ፣ «እምቢ ብለዋል» ተብሎ ተጻፈ። እሳቸው ግን ንፉ መባላቸውንም በደንብ አልተረዱም። ዝምታ እምቢታ ነው እንዴ? (ኒው ጀርዚ ነን)

መልስ፦ ልጄ፣ አዎ፣ በአብዛኛው ቦታ ዝምታም፣ «አላውቅም»ም፣ «ቆይ ላስብ»ም እንደ እምቢታ ይቆጠራል። ግን ያንቺ አባት ጉዳይ ሌላ ነው፣ እናንተም በጥሩ ቦታ ነው ያላችሁት። የኒው ጀርዚ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 እምቢ ማለት ምን እንደሚያስከትል የሚገልጸው ማስጠንቀቂያ ሰውየው በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል ብሎ ወስኗል፣ እንግሊዝኛ ለማይሰማ ሰው በእንግሊዝኛ ማንበብ አይበቃም። እንግሊዝ ውስጥም በ1979 ቋንቋው ስላልገባው ያልሰጠ ሰው በቂ ምክንያት አለው የተባለበት ጉዳይ አለ። ሁሉም ስቴት ግን እንደዚህ አይደለም፣ በእንግሊዝኛ ከተነበበ በቂ ነው የሚሉም አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ያየሁትን ልንገርሽ፣ አባትሽን ስለሚመለከት። አንድ ችሎት ላይ የጣቢያውን ቪዲዮ ከፍተው ነበር። ፖሊሱ ካርድ ይዞ ያነባል፣ ወረቀት ፊት ለፊት ይዞ፣ ፈጠን ፈጠን እያለ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል። የኛ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በየመሃሉ አንገቱን እየነቀነቀ «ኦኬ፣ ኦኬ» ይላል። ለትልቅ ሰው፣ ለባለሥልጣን የምንሰጠው አክብሮት ነው እኮ፣ እየሰማሁህ ነው ማለት እንጂ ገብቶኛል ማለት አይደለም። መጨረሻ ላይ ፖሊሱ ቱቦውን ሲያቀርብለት ዝም ብሎ አየው። ተጻፈ፣ እምቢ አለ። እኔ ያንን ካርድ ችሎት ውስጥ ቃል በቃል ወደ አማርኛ ስመልስለት ወደኔ ዞሮ «እንዲህ ነበር እንዴ ያለኝ?» አለኝ። ድርጊቱ ከተፈጸመ ስምንት ወር ሆኖት ነበር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ያን ቀን ነው። ያ «ኦኬ» ግን ገብቶታል ተብሎ ተቆጠረበት።

ስለዚህ ጠበቃችሁ ቪዲዮውን ቶሎ ይጠይቅ፣ የአባትሽ አማርኛ ተናጋሪነት በምን እንደሚታወቅም ማስረጃ አዘጋጁ፣ ሐኪም ቤት አስተርጓሚ የተመደበላቸው ወረቀት፣ የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን በየትኛው ቋንቋ እንደወሰዱ። ለአባትሽም አንዲት ቃል አስጠኚያቸው፣ «ኢንተርፕሪተር» የሚለውን ብቻ፣ እሷን ደጋግመው ይበሉ፣ አንገት መነቅነቁንና «ኦኬ»ውን ይተዉ።

ጥያቄ፦ ትራክ ነጂ ነኝ፣ አሜሪካ። በራሴ የቤት መኪና፣ በዕረፍት ቀኔ ነው የተያዝኩት፣ አልነፋሁም። የሥራ መንጃ ፈቃዴን አይነካውም አይደል?

መልስ፦ ይነካዋል ወንድሜ፣ አዝናለሁ። በፌዴራሉ ደንብ በግል መኪናም ቢሆን እምቢ ማለት የንግድ መንጃ ፈቃድን 1 ዓመት ያሳግዳል፣ አደገኛ ጭነት ጭነህ ቢሆን ኖሮ 3 ዓመት ነበር፣ ሁለተኛ ጊዜ ከሆነ ዕድሜ ልክ ነው። በግል መኪና ወደ ሥራ ለመሄድ የሚሰጠው የተገደበ ፈቃድ ትራክ ለመንዳት አያገለግልም። ለአንተ የመሥሪያ ቤቱ ሄሪንግ ከፍርድ ቤቱ እኩል ነው፣ እንጀራህ እሱ ላይ ስለሆነ ሁለቱንም የሚይዝ ጠበቃ ፈልግ።

ጥያቄ፦ ጀርመን ውስጥ መንፋት በፈቃደኝነት ነው ይላሉ፣ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፣ ትንፋሹ በፈቃድ ነው፣ እምቢ በማለት ብቻ አትቀጣም። ግን ፖሊሱ ጥርጣሬ ካለው ቀጥሎ ሐኪም ጋ ወስዶ ደም ያስወስድብሃል፣ ደሙን እምቢ ማለት አትችልም፣ ይዘውም ይወስዱታል። ከነሐሴ 2017 ጀምሮ ለዚህ የዳኛ ትእዛዝ መጠበቅም ቀርቷል። አልጠጣሁም ብለህ የምትተማመን ከሆነ ነፍተህ መሄዱ ከአንድ ሌሊት ይገላግልሃል፣ ይሄ የኔ ሐሳብ ነው።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ «ጠበቃዬን ሳላናግር አልነፋም» አልኩ፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ እሺ ልንፋ ስል አልፏል አሉኝ። ይሄ አግባብ ነው?

መልስ፦ ያለህበትን አገር አልጻፍክም፣ ግን በካሊፎርኒያም በእንግሊዝም ጠበቃ እስኪመጣ ልጠብቅ ማለት ምክንያት ሆኖ አይቆጠርም፣ እምቢታ ተብሎ ነው የሚጻፈው። ካናዳም ቢሆን ለመንገድ ዳሩ ምርመራ መጀመሪያ ጠበቃ የማግኘት መብት አይሠራም። ፊልም ላይ የምናየው ጠበቃዬ ካልመጣ አልናገርም የሚለው ለጥያቄ መልስ ነው፣ ስለ ጠጣኸው ነገር አለመናገር ትችላለህ፣ ለትንፋሹ ግን አይሠራም። ሐሳብ መቀየርን በተመለከተ ብዙ ፍርድ ቤቶች የመጀመሪያዋን እምቢታ ነው የሚይዙት፣ ወዲያው የተቀየረ ሐሳብን የሚቀበሉም ግን አሉ። ስለዚህ ያንተ ሃያ ደቂቃ በምን እንደተለካ ይወስናል። የመጀመሪያውን «አልነፋም» ያልክበት ሰዓትና «እሺ» ያልክበት ሰዓት ቪዲዮው ላይ አለ፣ ማሽኑ ያኔ በርቶ እንደነበርና ፖሊሱም እዛው ክፍል ውስጥ እንደነበር ጠበቃህ ያጣራ፣ ፖሊሱ እዛው ተቀምጦ ማሽኑም በርቶ ከነበረ የምትከራከርበት ነገር አለህ።